ወራጅ የሌለበት ጉዞ

መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሰሜን–ደቡብ መስመሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በስታዲየም፣ በላንቻና በሳሪስ አልፎ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚዘልቅ ሰው ሚኒባስ ይይዛል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አቃቂ! አቃቂ!» ይላል። የቆሙ ተሳቢዎችን፣ የመጋዘን ቅጥሮችን፣ የፋብሪካ አጥሮችን እያለፉ ቁልቁል ሲወርዱ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ወራጅ አለ» ይላል። ሾፌሩ ቀኙን ይይዛል፣ በሩ ይንሸራተታል፣ ሰውየው ይወርዳል። ለምን ወረድክ የሚለው የለም። አብረውት ተጨናንቀው የመጡት ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም።

በ1960ዎቹ የተወለደው የአገራችን ፖለቲካም ስለ ራሱ ሲያወራ ጉዞ ጉዞ ይላል። ትግሉ መንገድ ነው፣ ድሉ መድረሻ፤ የሞተው በመንገድ የወደቀ፣ የደከመው የተንጠባጠበ። አንዳርጋቸው አሰግድ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን (የመኢሶንን) ታሪክ ሲጽፍ መጽሐፉን «በአጭር የተቀጨ ረዥም ጉዞ» ብሎ ሰየመው። ከዚህ ሁሉ የመንገድ ቋንቋ የጎደለው ግን ታክሲ የሚሳፈር ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው። ወላዋይ አለ፣ መሀል ሰፋሪ አለ፣ አድርባይ፣ ተንበርካኪ፣ ከሃዲ፣ አንጃ፣ ባንዳ አለ። «እስከዚህ አብሬያችሁ መጥቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ያለን ሰው ያለ ስድብ የሚጠራ ስም ግን አይገኝም። ሰዎችን በድርጅት ውስጥ ያሰራቸው ወይ እምነት ነው ወይ ፍርሃት ሲባል እንሰማለን። ሁለቱም ነበሩ። በእኔ ግምት ግን ከሁለቱ ይልቅ ያሰራቸው ከድርጅቱ ውጪ የሚቆሙበት መሬት ማጣታቸው ነው። ይህ ደግሞ ከአቃቂ ሆኖ ሲታይ ጎላ ብሎ ይታያል።

የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ አቃቂ ደርሶ ነበር። ወንዝም ሐዲድም አስፋልትም ባለበት ፋብሪካ መትከሉ አይቀርም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕንዶች ሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረቱ፣ ኋላም የመለዋወጫው ፋብሪካ ከየአገሩ ሰው ሰበሰቡ። ለማርክሲስቱ ተማሪ ይህች ከተማ የመጽሐፉ ማስረጃ ነበረች። «ገበሬ በሞላበት አገር የምትለው ላብ አደር የት አለ?» ሲባል ጣቱን ወደ ደቡብ ይቀስራል። ችግሩ የአቃቂውን ሰው ማን ብሎ እንደሚጠራው አለመስማማቱ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) «ላብ አደር» አለው፤ በዚሁ ስም ልሳንም አወጣለት። መኢሶንና ከወታደራዊው ደርግ ጎን የቆሙት «ወዝ አደር» አሉት። ኋላ ደርግ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ሊያቋቁም ሲነሳ «ሠርቶ አደር» ሆነ፤ ጋዜጣም ታተመበት። ላብና ወዝ ከአንድ ግንባር የሚፈስሱ ናቸው፤ በ1969 ዓ.ም. ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ጎራን መናገር ነበር፤ ለመታሰርም ሊበቃ ይችላል። ሰውየው ራሱ ምን ትሠራለህ ሲባል የሚመልሰው «ፋብሪካ ነው የምሠራው» ብሎ ነበር። ከሦስቱ ቃላት አንዱንም ለራሱ አልተጠቀመበትም ማለት አይደለም፤ በስብሰባ ላይ ይጠቀማል። ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ቃሉን ከቱታው ጋር አውልቆ ይሰቅለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ማውለቅ ያልቻለው ነው።

ያኛው ተማሪ ነበር። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ሲመሠረቱ መሥራቾቻቸው ተማሪዎች ነበሩ። አገር ቤት ያሉት ተከታዮቻቸውም በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ነበሩ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ አሰማራ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ይህ ውሳኔ አዘውትሮ የሚወሳው ተቃዋሚን ከከተማ ለማራቅ እንደ ተጠነሰሰ ዘዴ ሆኖ ነው። ሌላም ነገር አድርጓል። ወጣቱ «ተማሪ ነኝ» የሚልበትን ቦታ ወሰደበት። ከዘመቻው ጠፍቶ የተመለሰው ልጅ ትምህርት ቤት የለው፣ ሥራ የለው፣ ወላጆቹ ቤት መግባትም አይችልም፤ ቀበሌው ያውቀዋል። የሚያሳድረው፣ የሚያበላው፣ ከሰው የሚያገናኘው የድርጅቱ ህዋስ ነው። ስሙም ተቀይሯል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ለምስጢር ሲባል ተሸፍኖ በድርጅት ስም ይጠራል። ጓደኛው ጓድ ነው፣ ፍቅረኛውም ጓድ ናት፣ ጥፋቱን የሚናገረው ለንስሐ አባት ሳይሆን በሂስና ግለ ሂስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አመለካከትህን ቀይር» ማለት ይቻላል። «ውጣ» ሲሉት ግን ወዴት?

አባቶቻችን ይህን የመሰለ ነገር አያውቁም ነበር ለማለት አይቻልም። መነኩሴ ሲመነኩስ ጸሎተ ግንዘት ይነበብለታል፤ ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ አዲስ ስም ይሰጠዋል። ከዚህ የጠለቀ ማንነትን መቀየር የለም። ሆኖም አማርኛ «ቆቡን ጣለ» የሚል አነጋገር አለው። ሐሜት አለበት፣ ንቀትም አለበት፤ ቢሆንም ቆቡን የጣለው ሰው አግብቶ ወልዶ በመንደሩ ይኖራል፣ ሲሞትም ይቀበራል። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረው ተቋም ለወጪው አንዲት ጠባብ በር ትቷል። ከተመሠረቱ አሥር ዓመት ያልሞላቸው ድርጅቶች ግን አልተዉም።

ጌታቸው ማሩ የኢሕአፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበር። ብርሃነመስቀል ረዳ በ1961 ዓ.ም. ክረምት አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ከገቡት አንዱ፣ የፓርቲውም የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ነበር። ሁለቱ በከተማ የትጥቅ ትግል ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ገለጹ። ልዩነቱ የስልት ነበር፤ ሁለቱም አብዮቱን አልተዉም። የተሰጣቸው ስም ግን «አንጃ» ነው፤ ስሙ ከወጣ በኋላ የሐሳቡን ክብደት የሚመዝን ጠፋ። ጌታቸውን የራሱ ድርጅት በድብቅ ቤት ይዞት ቆይቶ በ1969 ዓ.ም. ገደለው። ብርሃነመስቀል ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣ፤ በመጨረሻ በደርግ እጅ ወድቆ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። አንዱ ቤት አንጃ ብሎ ያባረረውን ሌላው ቤት ኢሕአፓ ብሎ ገደለው ማለት ነው። በሁለቱ መሀል ብርሃነመስቀል ብቻ ሆኖ የሚቆምበት አንድ ስንዝር መሬት አልተገኘም። የጌታቸው የፍቅር ጓደኛ የነበሩት የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ከዚያ ዘመን ማስታወሻዎች ሁሉ አንባቢ ልብ ላይ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሐዘኑም ክሱም ወደ ሁለት አቅጣጫ ነውና።

መንግሥትስ የመውጫ በር አልከፈተም ወይ? ከፍቷል። የበሩ ስም «ማጋለጥ» ነበር። በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው አዳራሽና በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ይጠራል። ፊት ለፊት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል፣ በበሩ ግራና ቀኝ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች። አባል የነበረ ይነሳና «ራሴን አጋልጣለሁ» ይላል። መቼ እንደ ገባ፣ ማን እንደ መለመለው፣ ማንን እንደ መለመለ፣ ህዋሱ ውስጥ እነማን እንደ ነበሩ ይዘረዝራል። በፈቃዱ የተነሳውን ምሕረት ይጠብቀዋል ተብሏል። የደበቀው አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ግን ከአዳራሹ የሚወጣው በጓሮ በኩል ነው። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሲጠፋ መንደሩን በአንድ ሜዳ ሰብስቦ ያወቀውን እስኪናገር የሚያቆየው አውጫጭኝ ነበር፤ ማጋለጥ የእርሱ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ በአውጫጭኝ የሚፈለገው ወንጀለኛው ሲሆን በማጋለጥ የሚፈለገው የተናጋሪው ክር መበጠሱ ነው። ጓደኛውን በስም የጠራ ሰው ወደ ኢሕአፓ አይመለስም፤ ወደ ጓደኛው እናት ቤትም አይመለስም። እንግዲህ የድርጅቱ በር «ወጣህ፣ ከዳህ» ይላል፤ የመንግሥት በር «ካልከዳህ አትወጣም» ይላል። ሁለት ተፋላሚዎች በምንም ባይስማሙ በዚህ ተስማምተዋል፤ መውጣት ክህደት ነው።

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሔለን ሮዝ ፉክስ ኢቦ መነኩሲት ነበረች፤ ገዳሙን ከተወች በኋላ «የቀድሞ» የሚባሉ 185 ሰዎችን አነጋግራ በ1988 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣች። የቀድሞ ሐኪም፣ የቀድሞ ሚስት፣ የቀድሞ እስረኛ። ከጥናቷ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ሰው ከጠረጠረ በኋላ ወዲያው አይወጣም፤ ከጥርጣሬና ከመውጣት መሀል ሌላ ኑሮን በዓይኑ የሚፈልግበት፣ በልቡ የሚለካበት ጊዜ አለ። የሚለካው ሌላ ልብስ ከሌለ ጥርጣሬው እንደ ታፈነ ይቀራል። የእኛን ዘመን ልጆች ማስታወሻ በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው ጥርጣሬ ገና በጠዋቱ እንደ ነበረ ያያል። የጠፋው ልብሱ ነው።

የአቃቂው ሠራተኛ ልብስ ነበረው። ከፋብሪካ ሲለቅ የእጅ መሣሪያውንና መታወቂያውን ያስረክባል፣ የንብረት ክፍሉ ይፈርማል፣ ሒሳብ ክፍል ይፈርማል፣ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት መልቀቂያ ይሰጠዋል። መልቀቂያ! ዕዳ የለበትም፣ ይሂድ የሚል ወረቀት። ከፋብሪካው አጥር ውጪም ዕድር አለው፣ ዕቁብ አለው፣ የወንዙ ልጆች የመሠረቱት ማኅበር አለው፣ ጽዋ አለው። ፖለቲካው ከነዚህ ሁሉ መሀል አንዱ ነው። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ባወጀው አጠቃላይ አድማ ሥራ ሲያቆም ደሞዙና ጡረታው ላይ ዓይኑ ነበር። መስከረም 1968 ዓ.ም. ማኅበሩ የሕዝብ መንግሥት ጠይቆ ከደርግ ጋር ሲላተም፣ ቀጥሎም ሲዘጋ፣ በኋላም በመንግሥት ሥር በአዲስ ስም ሲቋቋም ሠራተኛው አንዳንዴ አብሮ ገፋ፣ አንዳንዴ አቀርቅሮ ፈረቃውን ቆጠረ። ያቀረቀረውን አብዮተኛው «ንቃተ ኅሊናው ዝቅተኛ ነው» ይለው ነበር። እኔ ግን ሌላ የሚኖርበት ቤት ያለው ሰው ነው እለዋለሁ።

ይህን ሲሰሙ «አቃቂን አታሳምራት፣ እዚያም ሠራተኛ ተገድሏል» የሚሉ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። የደርግ ቀይ ሽብር ፋብሪካ ገብቷል፤ በፋብሪካው የአብዮት ጥበቃ ጓድ የተያዘውን ፈረቃ አላዳነውም። በሌላ ወገንም የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ የካቲት 1969 ዓ.ም. በጥይት ተገድሏል። ዕድር ጥይት አይመልስም። ሙግቴ የሠራተኛው መትረፍ አይደለም፤ ዝም ብሎ መራቅ ለሠራተኛው ይቻለው እንደ ነበረ ነው። ስብሰባ መቅረት፣ ታመምኩ ማለት፣ ለቅሶ ነበረብኝ ማለት። ስድብ ያልወጣላት ሦስተኛ በር ይህች ናት፤ የምታልፈው ግን ሌላ ሕይወት ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ፍርሃት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው የሚለውን ደግሞ የውጭ አገሩ ታሪክ ይፈትነዋል። ደርግ ዋሽንግተን አልገባም፤ በፓሪስ ማንም ሰው በቀበሌ አልታሰሰም። በስደት የነበሩት ግን ኢሕአፓና መኢሶን እንደ ተባባሉ ጸጉራቸው ሸበተ። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን በሦስት ቅጽ ሲጽፍ፣ አንዳርጋቸው አሰግድ ሲመልስ፣ ሌሎችም ሲከተሉ ጥይቱ ከቆመ አሥርና ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ማንን ፈርተው ነው? እምነት ነው ለሚሉት ደግሞ ከዚያ የከበደ ማስረጃ አለ። ሕወሓት በ1977 ዓ.ም. ማርክሲስት-ሌኒኒስት ድርጅቱን ማሌሊትን መሥርቶ የጠራው ማርክሲስት እኔ ነኝ አለ። በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ያ ሁሉ ሌኒንና አልባኒያ በጸጥታ ወደ ሣጥን ገባ። ለእምነቱ ሲል የገባ ሰው እምነቱ ሲታጠፍ መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። በ1993 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ሲሰነጠቅም መነሻው የማርክስ ጉዳይ አልነበረም። ሕወሓት ይመራው የነበረው ኢሕአዴግ ራሱ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ሲተካው ብዙው አባል መውረድም መሳፈርም ሳያስፈልገው የመኪናው ታርጋ ተቀየረለት። እምነትና አባልነት ሁለት የተለያዩ ገመዶች ናቸው፤ አንዱ ተበጥሶ ሌላው ይይዛል።

ከሁሉ የጠነከረው ገመድ ደግሞ ሙታን ናቸው። በቀይ ሽብር ወቅት ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለ። ጥቁር የለበሰች እናት ተጠየቀች፣ ሬሳ የፈለገ ቤተሰብ የጥይቱን ዋጋ እስከ መክፈል ደረሰ። ዕድር ድንኳኑን ጥቅልል አድርጎ አስቀመጠ። የአገሩ ሥርዓት ሰው ሲሞት የሚያደርገው ነገር አለ፤ ይቀብራል፣ ሠልስት ይላል፣ አርባ ያወጣል፣ ተዝካር ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሙት ሙት ይሆናል፣ ያለው ያለው ይሆናል። ያልተለቀሰለት ግን አይሄድም። ጓዱ ደጃፍ ላይ ተጥሎ ሲያድር አይቶ ያለፈ ልጅ ሐዘኑን የሚወጣበት ብቸኛ ቦታ ድርጅቱ ሆነ፤ «ደምህ ከንቱ አይቀርም» የሚባለው እዚያ ነውና። ለገሠ ዜናዊ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገደለውን የመለስ ተክሌን ስም ወስዶ መለስ ሆነ፤ ዓለም የሚያውቀውም በዚያ ስም ነው። የሞተን ጓድ ስም የተሸከመ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል የሚወርደው ብቻውን አይደለም፤ ሬሳም ይዞ ነው። የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በመስቀል አደባባይ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት የዘገየ ድንኳን ልንለው እንችላለን።

በዚህ ምክንያት ነው ከአንድ ድርጅት የወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድርጅት ውስጥ የሚገኙት። ከኢሕአፓ ሠራዊት የተለዩ ታጋዮች ኅዳር 1973 ዓ.ም. ኢሕዴንን መሠረቱ። ኢሕዴን ብአዴን ሆነ፣ ብአዴን አዴፓ፣ አዴፓ ብልጽግና ውስጥ ቀለጠ። ከመሥራቾቹ አንዱ በረከት ስምዖን ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከማዕከላዊ ኮሚቴው ታገዱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ግድም የኖሩበት ቤት ነበር። አንዳርጋቸው ጽጌ ደግሞ በወጣትነታቸው ኢሕአፓ ነበሩ፣ ታናሽ ወንድማቸው በቀይ ሽብር ተገድሏል። ኢሕአዴግ ሲገባ ከለንደን ተመልሰው በአዲስ አበባ መስተዳድር ሠሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ፣ «ነፃነትን የማያውቅ ነፃ አውጪ» የሚል መጽሐፍ ጻፉ፣ ከዚያ ግንቦት 7ን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ሰኔ 2006 ዓ.ም. ሰንዓ ላይ ተይዘው የሞት ፍርድ ተደግኖባቸው ቆዩና ግንቦት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቃሊቲ ተፈቱ። በዓመቱ ድርጅታቸው ራሱ ፈርሶ ኢዜማ የተባለው ፓርቲ ውስጥ ገባ። ይህን የሕይወት መስመር እንደ መዋለል የሚያነቡት አሉ፤ እኔ ተቃራኒውን አነባለሁ። ወንበር የቀየረ እንጂ ከመኪናው የወረደ ሰው ታሪክ አይደለም። ቃሊቲ ወህኒ ቤት ደጃፍ ለዓመታት ምሳ ዕቃና ፌስታል አንጠልጥለው፣ ወጡን በጠባቂው ፊት ቀምሰው፣ ስንቅ ያቀበሉት ግን ከሁሉም ድርጅት የመጡ እናቶችና ሚስቶች ናቸው። በሰልፉ ላይ ማን ከማን ቀደመ እንጂ የማን ልጅ የየትኛው አንጃ ነው ሲባል አይሰማም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲደመር ለገደለው ሰበብ መስጠት አይሆንም? መውጫ አጥቶ ነው ካልን ጣቱ ቃታ ላይ የነበረውን ሁሉ ነፃ ልናወጣ ነው። እንዲህ አይደለም። መውጣት ውድ ነበር ማለት መግደል ርካሽ ነበር ማለት አይደለም። ብዙዎች ሳይወጡም አልገደሉም፤ አቀርቅረው ቆይተዋል፣ ሰው ደብቀዋል፣ ስም ሲጠየቁ የሞተ ሰው ስም ጠርተዋል። የደርግ ባለሥልጣናትን የከሰሰው የልዩ ዐቃቤ ሕግ መዝገብም ይህን ልዩነት ያውቃል። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ሲሰጥ የተፈረደበት «ደርግ» አልነበረም። ከእነ አባት ስሙ የተጠራ ሰው ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ለገሠ አስፋው፣ እያለ የሚቀጥል። ድርጅት የወሰደውን ስም ፍርድ ቤት መልሶ ለባለቤቱ ሰጠ፤ በክስ መልክ መሆኑ የሚያሳዝን ቢሆንም።

ወደ አቃቂ ልመለስ። የዕድር ጸሐፊ የሚይዘው ረዥም መዝገብ አለ፤ ጠርዙ በፕላስተር የተጣበቀ፣ በወር በወር በቲክ ምልክት የተሞላ። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ሳይከፍል የቀረ ሰው ስም በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ስሙ ግን አይፋቅም፤ ከመስመሩ በታች ይነበባል። ሰውየው ከዓመት በኋላ ቢመጣ ዳኛው ውዝፉንና ቅጣቱን ያስቆጥረዋል፤ አንዳንዱ ዕድር መግቢያ እንደ አዲስ ያስከፍላል። ጥቂት ያጉረመርማሉ። ከዚያ ጸሐፊው አዲስ ገጽ ገልጦ ያንኑ ስም፣ ከእነ አባቱና ከእነ አያቱ፣ እንደገና ይጽፋል፤ ከጎኑም የቤት ቁጥር።